ማንአለብሽ «ገና ነው» ስትል

መጀመሪያ ግራ እጇን ወደ መስኮቱ ትዘረጋለች። የእጇን ጀርባ ብርሃኑ ላይ ታሳርፍና በቀኟ በያዘችው ካሜራ ፎቶ ታነሳዋለች፤ ሙሽሪትን አይደለም፣ የገዛ እጇን። ታየዋለች። ከንፈሯን ትነክሳለች። በአውራ ጣቷ የካሜራውን መዘውር ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ታደርግና እጇን ደግማ ፎቶ ታነሳለች። ከኪሷ ጨርቅ አውጥታ መስታወቱን ትጠርጋለች፣ ወንበሩን በእግሯ ገፋ ታደርጋለች፣ ያገኘችውን ሰው አገጭ በሁለት ጣት ዝቅ ታደርጋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ታች መኪናው ጥሩምባ ይነፋል፣ ከአዳራሹ ይደወላል፣ የሙሽራው አጎት ሰዓቱን ያያል። «እንሂድ?» ይላል።

«ገና ነው» ትላለች።

ሠርግ በሙሽሪት ይዘገያል የሚል ሰው ሠርግ አያውቅም። በየሠርጉ ቤቱን ሁሉ የሚያቁነጠንጥ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ሥራውን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ነው። የማያውቀውማ ቀጭ አድርጎ፣ በልቶ ይሄዳል። እዚህ እስራኤል፣ የቂርያት ጋት ከተማ ድርሻችን ክብርት ወይዘሮ ማንአለብሽ ናት።

የእጇን ነገር ጠይቄያት ነበር። ካሜራ ነጭ ቀሚስ ሲያይ ይደነግጣል አለችኝ፤ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ያጨልመዋል፣ የእኛም ፊት ጥላ ሆኖ ይቀራል። እውነቷን ነው። የእኔን የሠርግ አልበም ብትገልጡ ቀሚሱ አለ፣ ሚስቴ የለችም። ማንአለብሽ ስለዚህ ማሽኑን አታምነውም። የእጇ ቀለም የእኛው ቀለም ነው፤ እጇ በደንብ ከወጣ ሙሽሪትም ትወጣለች። ከባሏ ፎቶ ይልቅ የግራ እጇ ፎቶ ይበዛል፤ ባልየው ራሱ ነው የነገረኝ።

አንድ ቀን ከፋብሪካ ወጥቼ ለፓስፖርት ፎቶ ሄድኩ። አምስት ደቂቃ ይበቃል ብዬ መኪናዬን ክልክል ቦታ አቁሜያለሁ። አርባ ደቂቃ አስቀመጠችኝ። «ትከሻህ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ይውጣና አነሳሃለሁ» አለችኝ። ትከሻዬ ሲወጣ ቅጣቱ መኪናዬ ላይ ተለጥፎ ነበር። ፎቶው ግን እኔን ይመስላል፤ ለፓስፖርት ይህ ብርቅ ነው።

የዛሬውን ጽሑፍ ያመጣው የአጎቴ የአባ አቻምየለህ ጉዳይ ነው። አጎቴን በሱዳን በኩል ተደብቀው እዚህ ከገቡ ወዲህ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ካሜራ አልያዛቸውም። በቤተሰቡ አልበሞች ጆሯቸው አለ፣ ጀርባቸው አለ፣ ጋቢያቸው በየገጹ አለ። ፊታቸው ያለው መታወቂያው ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም የተከሰሰ ሰው ይመስላሉ። ልጃቸው አጋም ልትዳር ስትል ከሠርጉ ሁሉ አንድ ነገር ለመነች፤ የአባቷ ፊት ያለበት አንድ ፎቶ። ሌላው ቢቀር ይቅር አለች።

ማንአለብሽ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብላ አጎቴ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣች። ሽማግሌው የት እንደሚቀመጡ፣ ልጅቷ ከየት በኩል እንደምትመጣ ጠየቀች። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። አጎቴ አዩዋትና፣

«ልጄ፣ ሱዳን ላይ ፊቱን ያሳየ ሰው ኢየሩሳሌም አልደረሰም» አሏት።

እሷም «አባዬ፣ ካሜራውን አይዩት። ልጅዎን ይዩ» አለች።

«ልጄንማ ማን ይከለክለኛል» አሉ።

የሠርጉ ቀን ቤቱ ጢም አለ። ሙሽሪት ከቤት ሳትወጣ የአባቷን ጉልበት የምትስምበት ሰዓት ደረሰ። አጋም ስታጎነብስ ሠላሳ ስልክ ባንዴ ተነሳ። ወንድሟ ሻሌቭ ሶፋው ላይ ወጣ። እኔም ክንዴን በሰው አናት ላይ ዘረጋሁ። ማንአለብሽ ብቻ ካሜራዋን ደረቷ ላይ እንደያዘች በርከክ ብላለች።

«ዶዳ፣ አመለጠሽ እኮ» አላት ሻሌቭ። እዚህ ልጆቹ አክስት የሚሉት እንዲህ ነው።

«ገና ነው።»

እኔ በፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነኝ፤ አዲስ ሠራተኛ ያየውን ብሎን ሁሉ ሲያጠብቅ፣ የሠለጠነው እጁን ማሽኑ ላይ አሳርፎ ሲያዳምጥ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ያን ቀን ግን እንደ አዲሱ ሠራተኛ ቀጭ አደረግሁ። ሁላችንም አደረግን። ከዚያ አንገታችንን ደፍተን ያነሳነውን ማየት ጀመርን።

አጎቴ በዚህ ጊዜ ልጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና ሊያደርጓት ታገሉ። ቀሚሱ ከበዳቸው። «ይሄን ሁሉ ማን ጫነብሽ» አሉና ሳቁ፤ ጋቢው ከትከሻቸው ተንሸራተተ፣ የወለቀው ጥርሳቸው ታየ፣ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል ሰማሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሠላሳው ስልክ ምን እንደያዘ ልንገራችሁ፤ የሙሽሪት ቬል ጀርባ። የእኔ ላይ የሻሌቭ ካልሲ ተጨምሮበታል።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አጋም ለአባቷ ሰጠቻቸው። አጎቴ ወደ ብርሃኑ ወስደው አዩት።

«አባቴን መስያለሁ» አሉ። አባታቸው ፎቶ ሳይነሱ ነው አርማጭሆ የቀሩት። ፎቶውን አልመለሱላትም፤ አጋም ሌላ አሳጠበች።

አሁን የእኔ ልጅ ታሊያ ተራዋ ደርሷል። ማክሰኞ በኦሪት ዘፍጥረት «መልካም» ሁለት ጊዜ የተባለበት፣ ሁለት ጊዜ የተባረከ ቀን ነው ብለን አዳራሽ ይዘን ነበር። ማንአለብሽ ማክሰኞ ተይዛለች። ሠርጉን ወደ ረቡዕ አዛወርነው። አማቾቻችን እስካሁን አልገባቸውም፤ እኔም ማስረዳቱን ትቻለሁ።

ስለ እሷ እንደምጽፍ ስትሰማ ምስጋናውን ተወው አለችኝ፤ ይልቅ ለሠርግ ለምትጠሩ ሁሉ ይህን አድርስልኝ ብላለች፦

«ስልካችሁን አልቀማችሁም፤ አንሱ። ሙሽሪት ጉልበት ለመሳም ስታጎነብስ ግን ቁጭ በሉልኝ። ቀና እስክትልም ቆዩ። የአባትየው ፊት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»