የውሮ እርግዝና

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ያልሰማ አለ? እኔ ራሴ ስንቱን ጎረቤት መክሬበታለሁ። ተረትና ምሳሌ ለሌላ ሰው ሲነገር እንዴት ደስ ይላል!

ድመታችን ውሮ ትባላለች። የላፍቶ ድመት ሁሉ ውሮ ነው፤ በስም አወጣጥ አንታማም። ጡቷ ሥር ጠጠር ያለች ነገር ዳስሳ ያገኘችው ባለቤቴ አስካለ ናት። ደንገጥ ብላ ብትጠራኝ፣ "አርግዛለች!" አልኳት፤ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ያኔ ላፍቶ ገና ግማሹ እርሻ ስለነበር አይጡ አይጣል ነው፤ ወሬውን የሰማ ሁሉ ግልገል ሊያስይዝ መጣ። እትዬ ዘነበች "ወንዱን ለኔ" ብለው የውሮን ሆድ ዳብሰው ሄዱ። አሥር ዓመት ያለፋት አሮጊት ድመት አራት ወር ሙሉ ሳትወልድ ስትቀር እንኳን "ቆጠራው ተሳስቶብን ይሆናል" ተባባልን። እብጠቱ ግን አደገ፣ ውሮም ከሳች።

ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ላማቸው ታማባቸው የከብት ሐኪም ያስመጡ ዕለት፣ ውሮን በዘንቢል ይዤ ግቢያቸው ደረስኩ። "ለድመት ሐኪም!" ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሐኪሙ አልሳቀም። ጡቷን ዳሰሰ፤ ትንፋሿን ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ።

"እርግዝና አይደለም፣ ካንሰር ነው" አለኝ። "ድመት ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ክፉ ነው። ሽምብራ ሲያክል አምጥተዋት ቢሆን ቆርጠን እናወጣው ነበር። አሁን ሳንባዋ የገባ ይመስለኛል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"የምትወደውን ያብሏት።"

ቤት ስገባ አስካለ ለጾሙ ምስር ትለቅማለች። የገና ጾም ከገባ ሰንብቷል። የሐኪሙን ቃል ነገርኳት። አንጀቴ አሯል፤ እኔ ደግሞ ሳዝን የምቆጣ ሰው ነኝ።

"ሽምብራ ስታክል በእጅሽ ዳስሰሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?" አልኳት፤ አርግዛለች ያለው ማን እንደሆነ ረስቼ።

አስካለ ሰፌዱን አስቀመጠች። በሩን ዘጋችና እጄን ይዛ ግራ ጡቷ ላይ አኖረችው።

"ከፋሲካ ጀምሮ አለብኝ" አለች። "የውሮን ስዳስስ የኔኑ መሰለኝ። ላሳይህ ነበር የጠራሁህ። አንተ እርግዝና ነው ስትል፣ የሷ ደህና ከሆነ የኔም ደህና ነው ብዬ ተውኩት።"

እጄ ሥር ያለው እብጠት ሽምብራ አያክልም፤ እንቁላል ያክላል። ስንቱን ጎረቤት የመከርኩበት ተረት ለገዛ ቤቴ ኖሯል።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ውሮ ወለደች ወይ ይላሉ።