የሐጂ ቆይ እስቲ ቀይ እስክሪብቶ

መጽሐፍ ቤት የከፈተ ሰው ሁሉ አንድ የማይገዛ ደንበኛ ተጽፎለታል። ሰውየው ንፉግ ሆኖ አይደለም። ሊገዛ ነው የመጣው፤ ገና እየመረጠ ነው። ይመርጣል፣ ያማርጣል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጫማ ቤትም፣ መጋረጃ ቤትም፣ ሐብሐብ ሻጭ ፊትም ቆሞ አይታችሁታል። የእኔው ግን የሚያማርጠው የእንግሊዝኛ ቁርኣን ነው።

ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ሱቄ ከመስጂዱ አጥር ጋር የተያያዘች ስለሆነች ከሰላት ሲወጡ እግራቸው ወደ እኔ ያመጣቸዋል። መጽሐፍ ባቀበልኳቸው ቁጥር “ቆይ እስቲ” ስለሚሉ ሐጂ ቆይ እስቲ ብዬ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ፊታቸው ግን ትንፍሽ አልልም።

ነገሩ የጀመረው ልጃቸው ሲያገባ ነው። ምራታቸው ነርስ ናት። አፏን የፈታችው በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ እየሰማች ለምዳ ጥሩ አድርጋ ታወራለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም። እስልምናን የተቀበለች ሰሞን “አባባ፣ የማነበውን እርስዎ ይምረጡልኝ” አለቻቸው። ይህን ሲነግሩኝ ደረታቸው ተነፍቶ ነበር። እኔ ሞኟ አንዱን አውርጄ መጠቅለያ ወረቀት ቀደድኩ። “ቆይ እስቲ” አሉኝ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የመጀመሪያውን ገለጡ። “ይሄ ሰውዬ ጥሩ ነው፤ ግን እንግሊዝኛው የአያቶቻችንን አያት ያክላል። ልጅቷ ልታነብ ነው ወይስ ዙፋን ችሎት ልትቀርብ?” ሌላ ሰጠኋቸው። “ይሄ ደግሞ ስልክ የሚያወራ ይመስላል፤ ክብር የለውም።” ቅንፍ የሚያበዛውንማ አታንሱብኝ፤ “ተርጓሚው በየመሃሉ እየገባ አላናግር አለ” ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። በተለይ መክፈቻው ሱራ ላይ ያሉትን ሁለቱን የምሕረት ቃላት እሳቸውን በሚያረካ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ገና አልተወለደም። ዐረብኛውን ቀስ ብለው ይቀሩታል፣ እንግሊዝኛውን ያነባሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። “አልደረሰም” ይላሉ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስል።

ብቻቸውን ቢያማርጡ ምን ነበረበት። አንድ ባለ ታክሲ ለወዳጁ አንዱን መርጦ ሊከፍል ሲል “ቆይ እስቲ ልጄ፣ መቅድሙን አይተኸዋል?” አሉት። ሰውየው መቅድም የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው ያን ቀን ሳይሆን አይቀርም፤ ባዶ እጁን ወጣ። ኢማሙ ሳይቀሩ መጥተው “ሐጂ፣ የአላህ ቃል ዐረብኛው ነው፤ ትርጉም ሁሉ የሰው ሙከራ ነው። አንዱን ይዘው ይግቡ” አሏቸው።

“እሱማ ነው። ታዲያ ሙከራውን ማን ይረመው?”

አረሙት፣ ወላሂ። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ እሱ አልወጣም። ዐረብኛው ያለበት ላይ እስክሪብቶ ሊያነሱ ቀርቶ ያለ ውዱእ፣ ለሰላት እንደሚታጠቡት ሳይታጠቡ፣ አይነኩትም። ዐረብኛ የሌለበት፣ በወረቀት ሽፋን የታተመ አንድ ተራ ትርጉም ግን ነበረኝ፤ እሱን እንደ ተማሪ ፈተና ዘረጉት። ለአንድ ደንበኛ ፎቶ ኮፒ አንስቼ ዞር ስል ጠርዙ ቀልቷል። “ሐጂ፣ የሚሸጥ እኮ ነው” ብላቸው “አሁን ይሻላል” አሉኝ። አንዴ ከተበላሸ ብዬ ተውኳቸው። ታችኛው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፤ እየመጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። “ለልጄ የምሰጣት ግን ዐረብኛው ያለበት፣ እንከን የማይወጣለት ነው” ይላሉ። መቆም ሰልችቷቸው ቢተዉት ብዬ በርጩማዬን ጓዳ ደበቅኩ። ቆመው ቀጠሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ምራቲቱ ከነሥራ ልብሷ መጣች። ማን እንደሆነች ነገረችኝና ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

“አባባ እዚህ ይመጣሉ አሉኝ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም። ከሠርጋችን ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው። ገና አልበቃሽም እያሉኝ ነው?”

ሐጂን በዚያች ሰዓት ባገኛቸው ሐጂ እንኳ አልላቸውም ነበር። “ኧረ በአላህ! እንደ አንቺ የተለፋለት ሰው የለም” ብዬ መደርደሪያውን አሳየኋት።

ዐረብኛው ያለበትን፣ ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተነከረውን አየችና እጇን ሰበሰበች። “ይሄን እፈራዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ፣ ፈረቃ ላይ፣ ውዱእ ሳይኖረኝ እንዴት እይዘዋለሁ? ቁም ሳጥን አናት ላይ ተቀምጦ ይቀራል።” ጎንበስ ብላ ያንን የወረቀት ሽፋኑን ሳበችው።

“ተዪው፣ እሱ ተበላሽቷል” አልኳት። አልሰማችኝም።

“ይሄ የአባባ ጽሑፍ ነው” አለች። ጣቷን ጠርዙ ላይ አድርጋ ቀዩን እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፦ “ልጄ፣ እዚህ ጋ ቀስ በይ፤ ዐረብኛው ከዚህ የበለጠ ይራራል።” ገጽ ገለጠች። “ልጄ፣ ይሄ ካልገባሽ አትፍሪ፣ እኔም ዘግይቶ ነው የገባኝ።”

እኔ እኮ እስከዚያች ደቂቃ ተርጓሚውን የሚሰድቡ ነበር የመሰለኝ። ጓዳ ገብቼ በርጩማውን አወጣሁላት። እያለቀሰችም እየሳቀችም አነበበች፣ ከዚያ ሂሳቡን ከፍላ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሄደች።

በማግስቱ ሐጂ ጎንበስ ብለው ታችኛውን መደርደሪያ ዳበሱ።

“የት ሄደ?”

“ተሸጠ።”

“ማን ነው እሱን የሚገዛ? ዐረብኛ የለው፣ እኔ አቆሽሼዋለሁ።”

“ምራትዎ።”

መነጽራቸውን አወለቁ። ሲጠርጉት ቆዩ፣ የጠራውን መልሰው ጠረጉት። “ገና ግማሽ አልደረስኩም ነበር” አሉ ቀስ ብለው። “የቀረውን ማን ያሳያታል?”

“እርስዎ ነዎታ፣ ሐጂ። አልበቃሽም ያሏት መስሏት ነበር።”

እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ውስጥ ዳስሰው ወጡ። ቆይ እስቲ አላሉም።

አረፍኩ ስል ሱቁ ጭር አለብኝ። ሰው ይገባል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል፤ መቅድም የሚያይ የለም። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቁኝ። ደግነቱ በሳምንቱ ሁለቱም መጡ። አንድ አያ፣ አንድ የቁርኣን አንቀጽ፣ ላይ አልተስማሙም፤ ሌሎቹ ተርጓሚዎች ምን እንዳሉ ሊያዩ ነው። ያቺው አንዷ በርጩማ ላይ እሷን አስቀምጠው እሳቸው ቆሙ። እኔም ክርክሩን ለመገላገል አንዱን ትርጉም አውርጄ “ይሄ ጥሩ ነው” አልኩ።

“ቆይ እስቲ” አለችኝ ምራቲቱ።

ሐጂ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ፣ ፈገግታቸውን ሊደብቁ። እኔ ሁለተኛ በርጩማ ልገዛ ወጣሁ።