«ትንሽ አሞታል» የሚል ኮምፒውተር

በእኛ አገር መርዶ በቀጥታ አይነገርም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንድሜ ዳባት ላይ የሞተ ጊዜ «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ ብለህ እየው» ነበር የተባልኩት። እኔም የዋሁ፣ ለሳሉ ይሆነዋል ብዬ ማር ይዤ ሄድኩ። ስደርስ ድንኳን ተተክሏል። ማሩን የት ላስቀምጠው? ለቅሶ ቤት ማር ይዞ የገባ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ወዲህ ነገር ተሸፋፍኖ ሲነገረኝ ሆዴ ይፈራል። ታዲያ ኮምፒውተርም ይህ አመል እንዳለበት ያወቅሁት በልጄ በባንቺአምላክ ነው።

ባንቺአምላክ ጎንደር ኮምፒውተር ትማራለች። ለፋሲካ ደባርቅ ስትመጣ የመመረቂያ ሥራዋን ይዛ መጣች፤ ለጤና ጣቢያ የበሽተኛ ካርድ የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ፣ ለመምህሯ ካላሳየች ዓመቱን ትደግማለች። ስለዚህ በዓሉን ትታ ጋሻው የሚባል ወጣት ኮምፒውተር ቤት ትውል ጀመር። እኔም ጭንቀት አላስቀምጥ ቢለኝ አጠገቧ ዋልኩ። ምን ልረዳት? ግን ቤት ተቀምጬስ ምን ልሠራ?

እሷ እንደነገረችኝ፣ ፕሮግራም አንድ ወጥ አይደለም። እንደ ቤት ነው፤ ማገሩም ምሰሶውም ከየቦታው ይመጣል። ቁርጥራጩን ከኢንተርኔት እያስመጣ የሚገጣጥም ሌላ ፕሮግራም አለ። በነፃ የሚሰጥ ነው። ሠሪዎቹ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ጉድለት ያየ ይጽፍላቸዋል፣ እነሱ ያርሙታል። ደቦ በሉት። ይህ ገጣጣሚ ታዲያ እምቢ አለ። «የላኪው የምስክር ወረቀት አይታመንም» ይላል። ሌላ ላኪ ፈለገች። የእሱም አይታመንም። አውርዳ ጫነች፣ አጥፍታ ጫነች። ዓለም ሁሉ ሐሰተኛ ሆነባት።

ቅዳሜ ተስፋ ስትቆርጥ ለሠሪዎቹ በስልኳ መጻፍ ጀመረች። ምን ብለሽ ጻፍሽ አልኳት።

«ፕሮግራማችሁ ውሸታም ነው ብዬ።»

«ተይ ልጄ፤ በሬ የጠፋበት ሰው ጎረቤቱን ሌባ ብሎ አይጀምርም። የት እንዳሰርሽው፣ ስትመለሺ ምን እንዳየሽ ንገሪያቸው።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም!»

«ባይሆንስ? የጠፋ ነገር አፈላለጉ አንድ ነው።»

እንደ ተናደደች ሳቀች። ግን ያንን አጥፍታ እንደገና ጻፈች፤ ምን እንዳደረገች፣ ምን እንደጠበቀች፣ ማሽኑ ምን እንደመለሰላት።

መልሱ የመጣው ሰኞ ከሰዓት ነው። «ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀን ስንት ይላል?» አሉ። ሁላችንም ዞረን አየነው። ዓመተ ምሕረቱ የእኛው ነው፤ ጋሻው ደንበኛ እንዳይሳሳት ብሎ ያስተካከለው። ስንከርም ዓይናችን ላይ ነበር። የራሱን ዘመን ማን ይጠረጥራል? ማሽኑ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ተቀምጦ፣ የላኪዎቹ ወረቀት ሁሉ የተሰጠበት ቀን አለውና፣ ገና ያልተጻፈ መሰለው። ዳኛው ዘመኑን ስቶ ምስክሩን ሐሰተኛ ይላል!

ጋሻው ከፋው። «ትክክለኛውን ዓመት በሞላሁ ጥፋተኛ ሆንኩ? አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱ፤ ይሄ ዘመን ውሸት ነው?»



ቀኑ ሲስተካከል ገጣጣሚው ያለ አንዳች ቃል ገጣጠመ። ሠሪዎቹም ይቅርታ ጠይቀው፣ ከእንግዲህ መልእክቱ «መጀመሪያ ቀንህን ተመልከት» እንዲል እናደርጋለን አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው። ለሚቀጥለው ሰው ደረሱለት። የእኛ ሰኞ ግን አልፏል።

ማክሰኞ በማለዳው አውቶቡስ ጎንደር ወረደች። ከሰዓት በኋላ ደወለች። እንዴት ሆነ ብላት «ደህና ነው አባዬ፣ አትጨነቅ» አለችኝ።

የዳባቱ ማር ትዝ አለኝ።

«ባንቺአምላክ፣ ለፈረንጆቹ እንደጻፍሽላቸው ንገሪኝ። ምን አደረግሽ? ምን ጠበቅሽ? ምን ተባልሽ?»

«ሥራውን አሳየሁ። ይቀበሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቀኑ አልፏል፣ ለከርሞ ነይ ተባልኩ» አለች። በዕድሜዬ እንዲህ ጥርት ያለ መርዶ ሰምቼ አላውቅም። አይዞሽ አልኳት፤ በልቤም፣ ምነው አገሩ ሁሉ እንዲህ ቢናገር አልኩ።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ደም ግፊት አለባት።

«ምን አለች?»

«ደህና ነው አለች» አልኳት።

እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «እንግዲያማ፣ ለመምህሯ ማር እንላክለት!»

እኔም ማሩን ከቆጡ ላወርድ ተነሳሁ።