ፕሮፌሰሯ ይናገሩ አይናገሩ የተባለበት እሑድ

የመጻሕፍት ጥናት ማኅበር ሥራ አመራር ኮሚቴ፣ ዳላስ

ቀን፦ እሑድ መጋቢት 21 ቀን 2000 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቪከሪ ሜዶ፣ ሰብሳቢው የሚኖሩበት አፓርትመንት ክለብ ሀውስ (የተከራዮች መሰብሰቢያ አዳራሽ)
የተጠራበት ሰዓት፦ 2:00 ፒ.ኤም.። ምልዓተ ጉባኤ የተሟላበት፦ 3:35።

የተገኙ፦ አቶ ኃይለ መስቀል (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ አባይነሽ (የመስተንግዶ ኃላፊ)፣ አቶ ጥዑመልሳን (አባል፣ የኤርፖርት ታክሲ ሾፌር)፣ ገመቹ (አባል፣ ፋርመርስ ብራንች ከተማ ካለ መጋዘን ከፈረቃ በቀጥታ የመጣ)፣ ልዩ (ጸሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ፣ ይህን የምጽፈው እኔ)።

አጀንዳ 1፦ ፕሮፌሰር ሂልዳ ዋክስማን ዛሬ በ4:00 ሰዓት ንግግር ያድርጉ ወይስ አያድርጉ?

ፕሮፌሰሯ ይሁዲ ናቸው፤ የክርስትናን አጀማመር ሠላሳ ዓመት አጥንተዋል። እኔ የኮሌጅ ተማሪያቸው ነኝ። የጋበዝኳቸውም ኮሚቴው በጥር ወር "ኦኬ፣ ጥሪያቸው" ስላለ ነው። አሁን ቢሰረዝ ሰኞ ጠዋት በምን ዓይኔ እንደማያቸው ግን አጀንዳ አልተያዘለትም።

በ3:40 አንዲት ነጭ ሴት ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ሰብሳቢው "የሊዚንግ ኦፊስ፣ የአከራዮቹ ቢሮ ሴትዮ ናት፣ ረጋ በሉ" ስላሉና በክለብ ሀውሱ ምድጃ መለኮስ ስለተከለከለ ገመቹ ሽሮው የሚሞቅበትን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ሶኬቱን ሳይነቅል፣ በሰብሳቢው ጋቢ ሸፈነው። ሴትየዋ ራሳቸው ፕሮፌሰሯ መሆናቸውን ለመናገር ሦስት ጊዜ እጅ አወጣሁ። ሰብሳቢው ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም አሉ። ጻፍኩ።

ወ/ሮ አባይነሽ ይሁዲ ሆነው ስለ ክርስትና ምን ሊነግሩን ነው ሲሉ ጠየቁ። አቶ ጥዑመልሳን ሐዋርያትስ ምን ነበሩ ሲሉ መልሰው ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ የሐዋርያትን ማንነት አጣርቶ እስከ ፋሲካ ሪፖርት የሚያቀርብ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ።

አጀንዳ 2፦ መስተንግዶ።

አቶ ጥዑመልሳን ፕሮፌሰሯ ሥጋና ወተት አይቀላቅሉም፣ ችግር ነው አሉ። ወ/ሮ አባይነሽ ሁዳዴ ላይ ምኑ ከምኑ ይቀላቀላል ብለው ተቆጡ። "ሽሮዬ ላይ አፉን የከፈተ ወዮለት!" ማለታቸው ይመዝገብልኝ ስላሉ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ ቀን ስለመለወጥ።

ገመቹ ንግግሩ ቅዳሜ ይሁን አለ። አቶ ጥዑመልሳን ቅዳሜ የፕሮፌሰሯ ሰንበት ነው አሉ። ሰብሳቢው የእኛም ነው እንጂ ብለው ጠረጴዛ መቱ። ገመቹ "ሶ እኔ ሁለቱንም ሰንበት ነው የምሠራው፣ ማን ጠየቀኝ?" ብሎ አኮረፈ።

ነገሩ መቋጫ ስላጣ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ ንግግሩ እንዲሰረዝ በሦስት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ተቃዋሚው አቶ ጥዑመልሳን ናቸው። እኔም አሁኑኑ ለፕሮፌሰሯ ኮል አድርጌ "ሰብሳቢው በጠና ታመዋል" እንድል ታዘዝኩ። ኮል አደረግኩ።

ስልኩ ከኋላ ወንበር ላይ ጮኸ።

ሴትየዋ አንስተው፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ልዩ፣ ለሰብሳቢው ንገሪያቸው፤ ጋቢያቸው እየተቃጠለ ነው" አሉ።

ጋቢው በአንድ ጆግ ውሃ ጠፋ። ሽሮው ተርፏል። ፕሮፌሰሯ ወደ ሰብሳቢው ዞረው "እግዜር ይማርዎት" አሉ። ሰብሳቢው ሳያስቡት "አሜን" አሉ። ቀጥለውም አማርኛ ከየት አመጡ ብለው ጠየቁ። ፕሮፌሰሯም ሙሉ ቅጂያቸው በግዕዝ ብቻ የተረፈ ጥንታዊ ጽሑፎችን ለማንበብ ግዕዝ እንደተማሩ፣ አማርኛውንም በዚያው እንደለመዱ አስረዱ። ወ/ሮ አባይነሽ ከየት ጀምሮ እንደሰሙ በፍርሃት ጠየቁ። ፕሮፌሰሯ "ከሐዋርያት ጀምሮ" አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች ማን ይግባ፣ ምን ይበላ፣ በየትኛው ቀን እንሰብሰብ እያሉ እንደተጨቃጨቁ ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ እንደኖሩ ተናገሩ። "በዓይኔ ያየሁት ግን ዛሬ ነው" አሉ። ከደስታዬ የተነሳ ይህን መስመር ሁለት ጊዜ ጽፌ አንዱን ሰርዣለሁ።

ንግግሩ ወዲያው ተደረገ። ሰብሳቢው አሥራ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

በመጨረሻም ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ንዑስ ኮሚቴው ሥራ ሳይጀምር እንዲፈርስ፣ ይህም ቃለ ጉባኤ ማንም ሳያየው እንዲቀደድ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ በ6:50 ተበተንን።

ማሳሰቢያ፦ በሰብሳቢው ፊት የቀደድኩት የወ/ሮ አባይነሽን የገበያ ዝርዝር ነው። ይህን ቃለ ጉባኤ ፕሮፌሰሯ "ለምርምሬ እባክሽ" ብለውኛል፤ ታዲያ መምህርን እንዴት እምቢ ይሏል?