ኮባ የተነጠፈበት ድልድይ

ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ሆዱን ለምን እንደሚያስገባ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ግን አስገባለሁ። ድልድይ ሆድ የለውም። የእኛ ድልድይ የነበረው ቀዳዳ ነው። እኛም ሸፈንንለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራችን ወደ ጂንካ የሚያሻግር አንድ ድልድይ አለ። ጎርፍ መጥቶ መሃሉን ቀደደው። ሰው በጠርዙ እንደምንም ያልፋል፤ መኪና ግን አያልፍም። ምራቴ አስቴር ደግሞ እርጉዝ ናት። ባሏ፣ ማለትም ልጄ፣ ቱርሚ የጭነት መኪና ላይ ይሠራል። ሲሄድ "አባባ፣ አደራ" ብሎኛል። የአምቡላንሱ ነጂ እኔ ማዶ እቆማለሁ፣ እናንተ ተሸክማችሁ አሻግሯት አለን። ዝናብ ከገባ ደግሞ ተሸክሞም መሻገር የለም። እንግዲህ አስቴር የምትወልደው ወንዝ ዳር ነው ማለት ነው።

ድልድዩ ይጠገንልን ብንል፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ቢሮ ፎቶ አምጡ አለ። ከጂንካ ፎቶ አንሺ ማቴዎስን ጠራን። ሥራው ሠርግ ማንሳት ነው። እሱ ካነሳት ያላማረች ሙሽራ የለችም ይባላል። መጠርጠር የነበረብን እዚህ ላይ ነበር።

እንግዳ መጣ ሲባል መንደሩ የእሁድ ልብሱን ለብሶ ወጣ። እኔም ከአልዱባ ገበያ የገዛሁትን ኮት ደረብኩ። ለእንግዳ ትኩስ ኮባ ቆርጦ ማንጠፍ ልማዳችን ነው። ደግሞስ ማቴዎስ ቀዳዳው ውስጥ ቢገባ ምን ሊባል ነው? ቀዳዳውን ሊያነሳ የመጣ ሰው እንዳይወድቅበት ብለን፣ ቀዳዳው ላይ እንጨት ረብርበን ኮባ አነጠፍንበት። ማንም አልሳቀም። ማንም ልብ አላለም።

ዱሮ ወደ ዲመካ የሚያልፍ አንድ ቱሪስት እዚያው ድልድይ ላይ ቆሜ ሲያገኘኝ፣ ከፎቶዬ ውጣልኝ ብሎ በእጁ አሳይቶኛል። ወጣሁለት። የድልድዩን ድንጋይ ከወንዝ ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ ግን አልጠየቀኝም።

ማቴዎስ እንደሱ አይደለም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጠበቀ። ድልድይ ፎቶው መሃል ላይ አይደረግም፣ ወደ ጎን ይሁን አለ። ሰማዩ ሲሶውን ብቻ ይያዝ አለ። ሰው ካልቆመበት መጠኑ አይታወቅም ብሎ እኔን ኮባው ላይ አቆመኝ።

"አባባ፣ የድልድዩ መስመር ዓይንን እየመራ ተራራው ድረስ መውሰድ አለበት" አለኝ።

እኛ የፈለግነው ዓይን ቀዳዳው ውስጥ እንዲገባ ነበር። ግን ባለሙያ ይታረማል እንዴ? ሆዴን አስገባሁ።

ፎቶው አማረ። ምን ልበላችሁ፣ አገሬን በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው። የቢሮው መልስ ደግሞ አጭር ነበር። ድልድዩ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል ይላል። ፎቶውን ወደውት ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አስቴር ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ።

"አባባ፣ ያንን ኮት ያውልቁና ይምጡ" አለችኝ።

ድልድዩ ላይ ስልኳን ሰጠችኝ፤ የቱን እንደምጫን አሳየችኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ኮባውን ገፈፍኩ፣ እንጨቱን አነሳሁ፣ ጎንበስ አልኩ። ሰማይ የለ፣ ተራራ የለ። ቀዳዳው መሃል ላይ ነው። አውራ ጣቴም ገብቷል። የማቴዎስ ነገር ትዝ ብሎኝ፣ መጠኑ ይታወቅ ብዬ አስቴርን ከጠርዙ ራቅ አድርጌ አቆምኳት። ሆዷን አላስገባችም። ወዴት ታስገባዋለች?

ስልኩን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። የቢሮው ሰው አየው። አዙሮም አየው። ይህች ማን ናት አለኝ። ምራቴ ናት አልኩት።

"መቼ ነው የምትወልደው?"

"ድልድዩ ሲጠገን፣ ልጄ።"

በሳምንቱ ሲሚንቶ መጣ። ዝናቡ ሲገባ ሥራው አልቆ ነበር። አስቴር ጂንካ ገብታ ሴት ልጅ ወለደች። አምቡላንሱ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፍጥነት እንኳ አልቀነሰም።

በኋላ ለምስጋና ቢሮ ሄድን፤ ሕፃኗ እናቷ ጀርባ ላይ ናት። ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አስቴር አነበበችልኝ። አውራ ጣቴ ካለበት ሥር "ከጥገና በፊት" ይላል። ማቴዎስ ካነሳው ሥር "ከጥገና በኋላ" ይላል። ኮባው ላይ፣ ሆዴን አስገብቼ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ማቴዎስን አላማሁትም። ሰውየው አልዋሸም። ቀደም ብሎ አነሳው እንጂ።