የወይዘሮ ሮስቪታ ካርታ

«እኔ በሰው ነገር አልገባም» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ በሰው ነገር እስከ አንገቱ የገባ ሰው አግኝታችኋል። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። የእኛ የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ማኅበር ደግሞ ክብርት ወይዘሮ ሮስቪታ ክሉቨር አሉት፤ ዕድሜያቸው ሰባ አራት፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ የካርታችን ብቸኛ ባለሥልጣን።

ካርታ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ አባል ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ቁራጭ አገር ይሠራል፤ አንድ ሜትር የሚሆን የእንጨት ሳጥን፣ ላዩ ላይ ሐዲድ፣ ጣቢያ፣ ሁለት ላም። የአንዱ ቁራጭ ቀጥ ያለ ነው፣ የሌላው ይታጠፋል። የሁሉም ጫፍ በአንድ ደንብ ስለሚሠራ የማንም ከማንም ይገጥማል። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቁራጮቻችንን በመኪና ጭነን ሃይደ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ አገጣጥመን ሦስት ቀን ባቡር እንነዳለን። መስመሩ አንድ ዓመት እባብ ይመስላል፣ በሌላው ሹካ። ማን ከማን ጎን እንደሚቆም የሚወስኑት ወይዘሮ ሮስቪታ ናቸው።

እሳቸውም የሁሉንም ቁራጭ በወረቀት ቆርጠው የማድ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ይዘረጉና ስልክ ያነሳሉ። «ቮልክማር፣ እኔ በሰው ነገር አልገባም፤ ግን ሚስትህ ዘንድሮ ትመጣለች ወይስ ያ ነገር እስካሁን አልበረደም? ካልበረደ ከኬኩ ጠረጴዛ አጠገብ ላድርግህ።» አንድ ዓመት ላጤውን ኤኖን ባሏ ከሞተባት ከቴያ ጎን አቆሙት። ሁለቱም ቁራጮች ወደ ግራ ስለሚታጠፉ ነው አሉ። በዓመት ከመንፈቅ ሠርጋቸው ላይ የድንች ሰላጣ በላን። እኚህ ሴት «ቦታ የለም» የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሰው ከበዛ መስመሩን በበሩ አሹልከው፣ በኮሪደሩ አዙረው፣ የወንዶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ያስገቡታል። አንድ ጊዜ የአንድ ቄስ ጣቢያ ገላ መታጠቢያው ደጃፍ ላይ ውሎ አድሯል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ኤበርሃርድ ኖአክ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ እዚያው አዳራሽ፣ እኔ የምስር ሾርባዬን እየጠጣሁ ሳለ ሞረዱን አውጥቶ ከኦስተርሞር ጣቢያዬ ጫፍ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ላገ። ሳይጠይቀኝ! «ከደንቡ ያልፍ ነበር» አለ። ለካሁት፤ እውነትም ያልፍ ነበር። ትክክል ባይሆን ኖሮ በሳምንቱ ይቅር እለው ነበር። ትክክል ስለነበር ግን ሆድና ጀርባ ሆነን ቀረን።

ሰባት ዓመት ወይዘሮ ሮስቪታ በሁለት ጫፍ አኖሩን፤ እኔ በሩ ጋ፣ እሱ መስኮቱ ጋ። አምና ካርታው በፖስታ ሲመጣ ግን ኦስተርሞርና የኤበርሃርድ ጣቢያ ግሮስሐገን ተከታትለው ቁጭ ብለዋል። በንዴት ደወልኩላቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የአዳራሹ መሃል ምሰሶ ነው» አሉ። «ቅርጹ ሌላ አልፈቀደልኝም።»

የጎረቤት ጣቢያ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጣቢያዎቹ በገመድ ስልክ የተያያዙ ናቸው። ቀጣዩ ጣቢያ በስልክ «እቀበላለሁ» ሳይል ማንም ባቡር አይልክም። የዚያ ዓመቱ ደግሞ ሃያ አምስተኛ ስብሰባችን ነበር። መቶ አሥራ ሁለት ሜትር መስመር፣ ከዚያ በፊት ሠርተነው የማናውቀው ርዝመት። ፈጣኑ ባቡር፣ ቁጥር አርባ ሁለት አሥራ ሰባት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰዓቱ ሊያልፍ ነው፤ የከተማው ሰው ሳይቀር ሊያይ መጥቷል። የባቡራችን ሰዓት ከዓለም ሰዓት አራት እጥፍ ስለሚሮጥ የአንድ ደቂቃ ኩርፊያ አራት ደቂቃ ያዘገያል።

ባቡሩ እኔ ጋ ደርሶ ቆመ። ኤበርሃርድ አራት እርምጃ ርቆ ጣሪያ ያያል። እኔ ወለል አያለሁ። ብልሃት መጣልኝና ወረቀት ላይ «ባቡር ይቀበላል?» ብዬ ጽፌ አጠገቤ ለቆሙት ለወይዘሮ ሮስቪታ ዘረጋሁ።

«እባክዎ ይህን ለዚያ ሰውዬ ያድርሱልኝ።»

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። «እኔ? እኔ በሰው ነገር አልገባም» አሉና ኬካቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ሄዱ።

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሉትን ፈጸሙ! ሰዓቱ ይሮጣል፣ ሰማንያ ሰው ያየኛል፣ ከኋላ ቮልክማር «ሃርትሙት፣ ምን ሆነሃል? የዕቃ ባቡሬ እኮ አንተን ነው የሚጠብቀው!» ይላል። ስልኩን አነሳሁ።

«ማን ልበል?» አለ ኤበርሃርድ። ድምፁ ከስልኩም ከአጠገቤም መጣ።

«ማን እንደሆንኩ ጠፍቶህ ነው?»

«ደንቡ ጣቢያው ስሙን ይናገር ነው የሚለው።»

ይህ ሰው እንዳልተለወጠ ገባኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን አልገባኝም። «ኦስተርሞር ነኝ። አርባ ሁለት አሥራ ሰባትን ትቀበላለህ?»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«እቀበላለሁ። ደግሞ… ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሾርባህን እስክትጨርስ እንኳ መቆየት ነበረብኝ።»

«እንኳን ላግከው» አልኩ። ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ አፌ ቀደመኝ። «ትተኸው ቢሆን ኖሮ ባቡሩ ይኸኔ መሬት ነው የሚፈጠፈጠው።»

ባቡሩን ለቀቅኩት። አሥራ አራቱም ፉርጎ የእኔንና የእሱን መጋጠሚያ ምንም ሳይንገጫገጭ አለፈው፤ ኮሪደሩን ዞረ፣ ልብስ መቀየሪያው ገባ፣ ያረፈደውን አካክሶ የመጨረሻው ጣቢያ ከሰዓቱ ሃያ ሰከንድ ቀድሞ ደረሰ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቄሱ አፉ ውስጥ ሁለት ጣት ከትቶ አፏጨ። እኔና ኤበርሃርድ ጮቤ ረገጥን፤ ስልካችንን ግን ገና ጆሯችን ላይ እንደያዝን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ስናፈርስ የወይዘሮ ሮስቪታን ማኅደር ልሸከምላቸው አነሳሁና ከእጄ አምልጦ ተበተነ። የዚያው ዓመት ሌሎች አሥራ አንድ የካርታ ረቂቆች ወጡ። በሁሉም ላይ እኔና ኤበርሃርድ ተራርቀናል፤ ሁሉም በቀይ እርሳስ ተሰርዘዋል። ኤበርሃርድ ማስመሪያውን አውጥቶ አንድ በአንድ ለካቸው፤ መቼም ሳይለካ አያልፍም።

«ሁሉም ምሰሶውን ሳይነኩ ያልፋሉ» አለኝ በሹክሹክታ። «አንዷንም ሚሊሜትር አልተሳሳተችም፣ ይቺ አሮጊት!»

ወረቀቱን እንደነበረ ሰብስበን መለስን። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ። ሲያነጋግሩኝ ያናድዱኛል፣ ግን እወዳቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው ካርታ መጣ። እኔ በሩ ጋ፣ ኤበርሃርድ መስኮቱ ጋ። ለወይዘሮ ሮስቪታ ደውዬ ጮኽኩባቸው።

«ምን በደልን? አሁን እኮ ታርቀናል!»

«እሱማ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ስለዚህ ቦታው አያስፈልጋችሁም። ቮልክማር ከወንድሙ ጋር መነጋገር ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ምሰሶው ጋ እነሱ ይቆማሉ። ቅር አለህ?»

«የለም፣ ይቁሙበት» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ወዲያው ለኤበርሃርድ ደወልኩ። የምልከው ባቡር አልነበረኝም።