የማዳጋስካር ዝናብ በነቀምቴ በረንዳ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት የጂኦግራፊ ፈተናችን የተመለሰልን ዕለት። አትሳቅ ወዳጄ። ሰው በመጠጥ ይበላሻል፤ እኔ የተበላሸሁት በማዳጋስካር ነው።

ጥያቄው ቀላል ነበር። በዚህች ደሴት ዝናብ የሚበዛው በየት በኩል ነው? «በምሥራቅ» ብዬ ጻፍኩ። ነፋሱ ከውቅያኖሱ እርጥበት ተሸክሞ በምሥራቅ ይገባል። ተራራ ይገጥመዋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ይበርደዋል፤ የያዘውን እዚያው ያራግፋል። ወደ ምዕራብ የሚሻገረው ባዶ እጁን ነው። ከአዲስ አበባ ሻንጣ ሞልቶ የመጣ ዘመድ አታውቅም? መጀመሪያ የገባበት ቤት ሁሉን ያስቀርበታል፤ ለመጨረሻው ቤት የሚተርፈው ሰላምታ ነው።

መምህራችን ኦቦ ገመቹ ግን በቀይ ሰረዙኝ። ለምን ብላቸው፣ የነቀምቴ ልጅ አይደለህም ወይ አሉኝ። ነኝ አልኩ። ታዲያ ደመናው ከወዴት ሲመጣ አየህ? ከምዕራብ። «በቃ!» አሉኝ። እሳቸው የጊምቢ ሰው ናቸው። ወለጋ ላይ በምዕራብ የገባ ዝናብ፣ ዓለም ላይ በሌላ በር ይገባል ብለው አያምኑም። በዚያች ሰረዝ ዩኒቨርሲቲው ለአንደኛ የሚሰጠው የረዳት መምህርነት ቦታ ለጓደኛዬ ሆነ፤ እኔ ነቀምቴ ገብቼ ጠመኔ ጨበጥኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ታሪኬን የማያውቅ የለም። የዝናብ ካፖርቴን ለብሼ ከነቀምቴ በአውቶቡስ ስነሳ፣ ሲሬ ስደርስ ፀሐይ ነው። ሲሬ ዝቅ ያለች ናት፤ ደመናው እኛ ከፍታ ላይ ሸክሙን አራግፎ ነው የሚደርሳት። ይህንን አንዴ ለተሳፋሪው ባስረዳ፣ የአውቶቡሱ ረዳት በሩን ከፍቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ማዳጋስካር ወራጅ አለ?»

ባለፈው ክረምት ታዲያ ልጄን ሌንሳን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በረንዳዬ ላይ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ ብል፣ የመጣንበት ካልተሰማ አንቀመጥም አሉ። ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጠው እሺ ሲባል ነው። ቀና ብዬ መሪያቸውን ባይ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ኦቦ ገመቹ! ሌንሳን የሚፈልጋት ልጅ አጎት ኖረዋል።

እንግዲያው አትቀመጡ፤ እኔም ቆሞ የሚሰማ ጉዳይ አለኝ አልኩ። ሌንሳ ከበሩ ኋላ ሆና «አባዬ፣ ዛሬን ብቻ!» ስትል ሰማኋት። ምን ላድርግ? ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ሰው በእግሩ መጥቷል። ማዳጋስካር ላይ ዝናብ የሚበዛው በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳይመልሱ ዝናቡ ወረደ። በረንዳዬ ወደ ምዕራብ ነው፤ ነፋሱ እየገፋ ሽማግሌዎቹን ከነሳራቸው አበሰበሳቸው። እየሮጥን ቤቱን ዞረን በምሥራቅ ባለው ጣሪያ ሥር ብንገባ፣ ግድግዳው እንኳ አልረጠበም። የእግዜር ሥራ! ቤቴ ደሴት፣ ጣሪያዬ ተራራ ሆነልኝ። አያችሁ፣ የሚዘንበው ነፋስ በሚመጣበት በኩል ነው፤ እዚህ ከምዕራብ መጣ፣ እዚያ ግን ከምሥራቅ ነው የሚመጣው ብዬ ጮህኩ።

ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ጨመቁ። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ «አያችሁ? ከምዕራብ ነው። ያኔም ነግሬዋለሁ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ወጉን ረስተው ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ዘጭ ዘጭ አሉ። ባለቤቴ ጫልቱ ይህን ስትጠብቅ ኖሯል። «ከተቀመጡማ አለቀ! ሰጥተናል!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ሌንሳ ከውስጥ ተቀበለቻት። የልጅ አባት እኔ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ሠርጉ አማረ። ኦቦ ገመቹ ከወጣቶቹ በላይ ጨፈሩ። ትከሻቸውን ይዤ ያንኑ ጥያቄ በጆሯቸው ብጠይቃቸው፣ አፌን በጉርሻ ወተፉት።

ጋብቻ ቂም ያበርዳል ይላሉ። ውሸት ነው፤ ቂሙን ዘመድ አድርጎ በየበዓሉ ቤትህ ያመጣዋል። እንግዲህ ኦቦ ገመቹ፣ ለፋሲካ መምጣትዎ አይቀርም። በጉ ይታረዳል፤ ቦታዎም ከእኔ ጎን ነው። ግን ይህን ጊዜ አፌን ዘግቼ ነው የምጠይቅዎ፦ በምሥራቅ ነው በምዕራብ? ይመልሱልኝ!